ከገደብ በላይ የታየው ጭስ

ዲላ፣ ሰኔ ፬ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለማሚቱ፣ ናዝሬት

ይህ ደብዳቤ አንቺንም እህትሽንም በጤና ያግኛችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ከገደብ ከተማ በላይ ያለው ኬላችን ባለፈው ማክሰኞ ተዘግቶ ሰባታችንም ዲላ ገብተናል። ከባሌ በኩል የሚመጣውን ሽፍታ ሦስት ዓመት ስንጠብቅ የቀበርነው ይርጉን ብቻ ነው፤ እሱንም የገደለው የሳንባ ምች ነው። ሽፍቶቹ በምሕረት ገብተዋል፤ ጦርነቱ አልቋል።

ኬላውን ስረከብ ጥለሽኝ የሄድሽ ቀን፣ "የወገኖቼን ቤት አቃጥል ይሉሃል፤ አንተም እሺ ትላለህ" ብለሽኝ ነበር። ተቆጥቼብሽ ነበር። ያልሽው ቀን ጥር ላይ መጣ።

አለቃዬ ሻምበል ወንድይራድ ከታች ካለው የጦር ሰፈር ወረቀት ላኩ። ከኬላው ሥር ያለው መንደር ሽፍታ ይቀልባልና ቤቱ ይቃጠል፣ እንሰቱም ይቆረጥ፤ ጭሱን ከዚህ ሆኜ አያለሁ ይላል። ወረቀቱን ይዤ ወደ መንደሩ ሽማግሌ ወደ አቶ ባልቻ ወረድሁ። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣

"ቤት በወር ይሠራል" አሉኝ። "እንሰት ስድስት ዓመት ነው። ልጅ እስከዚያ ምን ይበላል፣ አለቃ?"

ወደ ትውልድ አገርሽ ወደ ቡሌ ወስደሽኝ እናትሽ የእንሰት ቆጮ ያበሉኝ ቀን ትዝ አለኝ።

ምክትሌን አሥር አለቃ ኡስማንን አማከርሁት። "የፈለጉት ጭስ አይደል? ጭስ እንስጣቸው" አለ። መንደርተኛው አሮጌ የጣራ ሣር፣ እኛ ደግሞ እርጥብ ቅጠል ተሸክመን ባዶው ኮረብታ ላይ ከመርንና ለኮስነው። ቀኑን ሙሉ ጨሰ። "ትእዛዙ ተፈጽሟል" ብዬ ጻፍሁ። ቢታወቅ የጦር ፍርድ ቤት ነበር የሚጠብቀኝ፤ ኡስማንንም ይዤው ነበር የምጠፋው። አራት ወር ምግብ አልበላ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ሻምበሉ ኬላውን ሊዘጉ ራሳቸው መጡ። መንገዱ በእንሰቱ መሀል ነው የሚያልፈው፤ ቅጠሉ ከባርኔጣቸው በላይ ነው። በቅሏቸውን አቆሙ።

"ሃምሳ አለቃ፣ እንሰት በስንት ጊዜ ያድጋል?"

"በስድስት ዓመት፣ ጌታዬ።"

ያልተቃጠሉትን ቤቶች ተመለከቱ። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ከደጇ ታየናለች።

"እዚህ መሬቱ ለም ነው ማለት ነው" አሉና በቅሏቸውን ኮለኮሉ። የርክክቡን ወረቀት ቆመው ፈረሙ፤ ስለ ጥር አንድም ቃል አላነሱም። እስኪሄዱ ጠብቆ ኡስማን መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እኔ ሰው እንዳያየኝ ወደ ምንጩ ወርጄ አለቀስሁ።

እዚህ ዲላ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቻለሁ። ለአንድ ሰው ይሰፋል፤ ጓሮው ደስ ስላለኝ ነው። ከናዝሬት አውቶቡሱ በሻሸመኔ በኩል ነው የሚመጣው፤ ክረምቱ ሳይጠና መንገዱ ደህና ነው ይላሉ። ይህን ሁሉ የጻፍሁልሽ ወሬውን ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እግዚአብሔር ከብርዱም ከክፉውም ይሰውርሽ።

ባልሽ
ከፈለኝ