ለአንዲት ሚሞሪ ዋስ የጠሩት የወይዘሮ ደብሪቱ ወገኔ የሕይወት ታሪክ (1957–2013 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ደብሪቱ ከአባታቸው ከአቶ ወገኔ ክንዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውቢት አየነው፣ ከዳንግላ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ በመስከረም ወር 1957 ዓ.ም. ተወለዱ። አዊኛን ከእናታቸው ጡት፣ አማርኛን ከትምህርት ቤት ደጅ አገኙ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በ1975 ዓ.ም. ዳንግላ አጠናቀቁ።

በ1980 ዓ.ም. ከመምህር ብሥራት ቢሻው ጋር በሥርዓተ ቅዱስ ቁርባን ተጋብተው እህተማርያምንና አሳምነውን ወልደዋል። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ሠላሳ ሦስት ዓመት ዳንግላ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንጅባራ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሲያውሱ ኖረዋል። ገጽ ያጠፈ ተማሪ ካዩ «ያንተን ጆሮ እንዲህ ልጠፈው?» ይሉ ነበርና የሚፈሯቸው ብዙ ነበሩ። እያደር ግን የፈራቸው ሁሉ ወዳጃቸው ይሆን ነበር።

ኮምፒውተር የነኩት ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ማውዙን እንደ ጫጩት ፈራ ተባ እያሉ ሲይዙት ልጃቸው እህተማርያም «እማዬ፣ አይሞትም እኮ!» እያለች ትስቅባቸው ነበር። እርሳቸው ግን መሳቂያ መሆንን የማይፈሩ ተማሪ ነበሩ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲበተኑ፣ የንባብ አዳራሹ ወንበሮች ጠረጴዛ ላይ እንደተገለበጡ ቀሩ። ትምህርቱ በኢንተርኔት ይቀጥላል ቢባልም ኔትወርክ ያልደረሰበት ቀበሌ ብዙ ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ አለቃቸውን አስፈቅደው ሞጁሉንና መጽሐፉን ስልክ ውስጥ በምትገባ ሚሞሪ እየገለበጡ፣ በቁራጭ ጨርቅ እየቋጠሩ፣ መንገድ ሲከፈት በሚኒባስ፣ ሲዘጋ በእህል መኪና ወደ ጥርባ፣ ወደ አዲስ ቅዳም፣ እስከ ጫግኒ ድረስ ይልኩ ጀመር። በመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ሚሞሪዎች ላይ ግን መጻሕፍቱን ሳይሆን ሾርትከት የሚባለውን የመክፈቻ ምልክታቸውን ብቻ ነበር የገለበጡት። ተማሪዎቹ ቢከፍቱት ባዶ ሆነባቸው። «ሽፋኑን ልኬ ሆዱን አስቀረሁት!» ብለው በራሳቸው ስቀው፣ ሁሉንም አስመልሰው እንደገና ገለበጡ።

አንድ ቀን የሦስተኛ ዓመት ተማሪዋ ወርቅአየሁ ደርበው ኔትወርክ ካለበት ጉብታ ወጥታ ደወለችላቸው። «እትዬ፣ የእኔን ሚሞሪ ለሌላ ይስጡት፤ ሊድሩኝ ነው» አለች። ወይዘሮ ደብሪቱ ቅዳሜውን አዲስ ቅዳም ገበያ ሄደው አባቷን አቶ ደርበውን ከድንች ጆንያቸው አጠገብ አገኟቸው። አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ሁለት ክንድ ተራርቀው፣ በአዊኛ ተነጋገሩ።

አቶ ደርበው «ትምህርቱ እንደሁ ተዘጋ፤ ልጅቱ ምን ትጠብቅ ብለን ነው?» አሉ።

«የተዘጋው በሩ ነው» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። ሚሞሪዋን በመዳፋቸው ይዘው አሳዩአቸው። «ይቺ አርባ መጽሐፍ ይዛለች። ወርቅአየሁ አንብባ፣ ተፈትና፣ ተመርቃ እስክትመልሳት እርስዎ ዋስ ይሁኑኝ።»

«ጥፍሬን ለማታህል ነገር ዋስ! ወይ ዘንድሮ!» ብለው አቶ ደርበው ከልባቸው ሳቁ። ሆኖም ዋስ ሁነኝ ተብሎ ተለምኖ እንቢ ማለት በአገሩ ነውር ነውና ወይዘሮ ደብሪቱ ሚሞሪ የወሰደውን ሁሉ ከሚመዘግቡበት የውሰት ደብተር ላይ ፈረሙ።

በሳምንቱ የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች የሠርግ ቀን ሊያስቆርጡ ሲመጡ አቶ ደርበው «ልጅቱ እስክትመረቅ ዋስ ነኝ። ፈርሜአለሁ፤ በስተርጅና ቃሌን ልብላ?» አሏቸው። ሽማግሌዎቹም ዋስትና አፍርስ ማለቱ ከብዷቸው ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። ወርቅአየሁ በ2013 ዓ.ም. ተመረቀች።

ወይዘሮ ደብሪቱ በዚያው ዓመት ከመጋቢት ወር ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። በሰኔ ዝናብ አቶ ደርበው ልብሳቸው እንደራሰ ከአዲስ ቅዳም መጡ። ሚሞሪዋን በልጃቸው እጅ መላክ አልወደዱም፤ «ዋሱ እኔ ነኝ» ብለው ከነቋጠሮዋ አስረከቡ። ወይዘሮ ደብሪቱ ደብተራቸውን አስመጥተው የአቶ ደርበውን ስም ሰረዙ። እስከዚያች ቀን ከደብተሩ ሳይሰረዝ የቀረው ስም ያ ብቻ ነበር። «በሉ፣ ከዋስትናው ወጥተዋል» ብለው ፈገግ አሉ።

እሑድ ሐምሌ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው መምህር ብሥራት፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው አሉ፤ መጽሐፍ ያዋሷቸውንማ ማን ቆጥሮ ይጨርሳል።

ለሰው ልጅ ዋስ ፍለጋ ገበያ የወጡ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ዛሬ በቆሙበት ደጅ ዋስ አይጡ። ቅዱሳኑ ይፈርሙላቸው፤ ፈጣሪም ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። አሜን።