የበረኛዋ እናት ለአሰልጣኟ የተናገረችው

ሰኞ

አሜሪካ ነው ያለችኝ። ዳቦ እየደረደርኩ ነበር፣ ዳቦው እጄ ላይ ቀረ። «እማ፣ የአሜሪካ ኮሌጅ አሰልጣኝ እናንተን ማነጋገር ትፈልጋለች» አለች ቤቴል፣ ስኳር አልቋል እንደምትለኝ በዚያው ድምፅ።

የምን አሰልጣኝ? የኳስ።

ልጄ ኳስ እንደምትጫወት አውቃለሁ። በረኛ እንደሆነችም አውቃለሁ። ጓንቷን አጥባ ከሱቁ ፍሪጅ ጀርባ ታሰጣዋለች፣ ዳቦዬ ጓንት ጓንት ሸተተ እያልኩ ስንቴ ጮኼባታለሁ። ግን የልጅ ጨዋታ ነው የመሰለኝ፣ ስታድግ የሚተዋት። ለካ ዓመቱን ሙሉ ቪዲዮዋን እየቆራረጠች ለአሰልጣኞች ስትልክ ኖራለች። ብቻዋን። እኔ በሱቁ ፍርግርግ ቀዳዳ የስልክ ኤርታይም ስሸጥ፣ እሷ ከኋላዬ የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ።

አሰልጣኟ ዳና ትባላለች። የምትፈልገው አንድ በረኛ ብቻ ነው። ሁለት ልጆች ቀርተዋል፣ አንዷ የኛዋ ናት። ከተመረጠች የትምህርቷን ወጪ ኮሌጁ ይችላል። ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው፤ እዚህ በዙሉዎች አገር በኛ የስደተኛ ወረቀት ዩኒቨርሲቲ መግባት ምን ያህል እንደሚያንከራትት ቶኮዛ ውስጥ ሱቅ ያለው ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ይሄ በር ከተዘጋባት ሌላ የማውቀው በር የለም። ቪዛው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፣ እሱን ሲደርስ።

ለባሌ ለደስታ ነገርኩት። ለአንዲት ደንበኛ መልስ ቆጥሮ ሰጥቶ፣ ሸኝቶ፣ ሲበቃው «የቱ አሜሪካ?» አለኝ። ስንት አሜሪካ አለና።

አሰልጣኟ ረቡዕ ከሰዓት በቪዲዮ ትደውላለች።

ማክሰኞ

ዶክተር ሰላም ጋ ደወልኩ። ቤተክርስቲያናችን የምትመጣ ሐኪም ናት፣ ልጇ በሩጫ እንዲሁ ተመርጣ አሜሪካ ትማራለች። የምትለኝን የዳቦ ወረቀት ላይ ጻፍኩት፦

ልጅቷ ራሷ ትናገር፣ እናንተ አትናገሩላት።
ብትጎዳ ትምህርቷ ይቀጥላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።
ትጫወታለች ወይስ ወንበር ታሞቃለች?
የማጥኛ ጊዜ አላት?
ከሌላ ልጅ ጋር አታወዳድሯት።
አሰልጣኟ እናንተንም ታያችኋለች።

የመጨረሻው አስደነገጠኝ። እኛን ደግሞ ምን አድርጉ ብላ ነው የምታየን? «ቤተሰቡ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ» አለችኝ ዶክተር ሰላም። ከዚያ በኋላ ሥራ አልሠራሁም። ግድግዳውን ወለወልኩ፣ መጋረጃ ቀየርኩ። ደስታ ለሰርግ የሚለብሰውን ሱፍ አወጣ። ቤቴል «አባ፣ ከወገብህ በላይ ብቻ ነው እኮ የምትታየው» አለችው። ሱሪውንም አስተኮሰኝ።

እኔ አንድ ነገር ወስኛለሁ፦ ጉራ የለም። ልጇን ሰው ፊት የምታሞግስ ሴት አልወድም። ሆሳዕና ከተማ እያለን እናቴን «ልጆችሽ ጎበዞች ናቸው» የሚል ሰው ሲመጣ «ኧረ የምን ጎበዝ» ነበር መልሷ። ጨዋ ሰው እንዲህ ነው የሚመልሰው። አሰልጣኟም ቤቴል ከጨዋ ቤት የወጣች ልጅ መሆኗን ታያለች።

ረቡዕ

ደህና አለፈ። ጌታ ይመስገን።

የደስታ የአክስት ልጅ ከጎረቤት ሰፈር ከካትሌሆንግ መጥቶ ሱቁን ያዘልን፣ ሦስታችን ስልኩን ስኳር ጣሳ ላይ አስደግፈን ተቀመጥን። ዳና ኮፍያ ያደረገች፣ ፊቷ ፀሐይ የበላው ሴት ናት። መጀመሪያ ከቤቴል ጋር ተነጋገሩ፤ ፈጣን እንግሊዝኛ ነው፣ ግማሹ አመለጠኝ። ከዚያ ወደኛ ዞረች። «ልጃችሁ ልዩ ናት። በጣም ትኮሩባታላችሁ አይደል?» አለች።

«ኖ፣ ኖ» አልኩ። ገና ልጅ ናት፣ ምንም የተለየ ነገር የላትም አልኳት።

«ቤት ውስጥስ እንዴት ናት? ሥራ ሲከብዳት ምን ታደርጋለች?»

«ሰነፍ ናት» አልኩ እየሳቅኩ። «ካልቀሰቀስኳት አትነሳም።» ደስታም ከጎኔ ሆኖ «አትሰማም፣ ብዙ ይቀራታል» አለ፣ ከሱፉ ጋር የሚሄድ ድምፅ አውጥቶ። አብራት ለምርጫ የቀረችውንም ልጅ አልረሳኋትም፣ የሰው ልጅ ማሳነስ ነውር ነው፤ «እሷም ጎበዝ ትሆናለች፣ ምናልባት ከኛዋ ትሻላለች» አልኩ። ዳና አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ጻፈች። ቁም ነገረኛ ሴት ናት። ቤቴል መሃል ላይ ተነስታ ወጣች፣ አፍራ ነው።

ያው ረቡዕ፣ ከእራት በኋላ

ምንም ደህና አላለፈም።

ቤቴል እራት አልበላም አለች። ከሱቁ ጀርባ ባዶ የዳቦ ሳጥን ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። «እማ፣ ሰነፍ ናት አልሻት» አለችኝ።

«እንዲያው ለወጉ ነው እንጂ።»

«እሷ ወጉን ከየት ታውቃለች? እናቷ ሰነፍ ናት ካለች ሰነፍ ናት። ደግሞ ሌላዋ ትሻላለች አልሻት። እማ፣ ማነው እንዲህ የሚል?»

ማነው ብላ የጠየቀችኝ ሁሉም ሰው የሚለውን ነው። የኛ ሰው ሁሉ የሚለውን።

«ደግሞ አትነሳም አልሽ» አለች። «የዳቦ መኪናው ሲመጣ ማነው የሚያወርደው?»

እሷ ናት። ሁልጊዜም እሷ ናት። እኔ ስነሳ ሳጥኖቹ ተደርድረው ነው የማገኛቸው።

ሐሙስ

ከዳና መልእክት መጣ። ቤቴል ስልኩን ሰጠችኝና ደብተሯን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች፣ ቻው እንኳ ሳትል። «ለግልጽነታችሁ አመሰግናለሁ። ጥቂት ማሰብ አለብኝ» ይላል።

ግልጽነት። ትናንት ያላልኩት ነገር ቢኖር እውነት ነው።

ለዶክተር ሰላም ነገርኳት። «ምን አልሻት?» ብላ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ መሳቋን አቆመች። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። «እዚያ አገር የእናት ቃል እንደወረደ ነው የሚወሰደው» አለችኝ። «ልጅን ከሁሉ አስበልጣ የምታውቅ እናት ናት ይላሉ።»

«እና ባዕድ ሰው ፊት ልጄ ጎበዝ ናት ልበል?»

«አዎ።»

«ሳላፍር?»

«ሳታፍሪ። ጥፋቱ የኔም ነው፣ ይሄንን ልነግርሽ ይገባ ነበር። ረሳሁት፣ እኔም ያኔ እንዳንቺ ተናግሬ ልጄ ናት ያዳነችኝ።»

ደውዬ ላስተካክል አልኩ። አይሆንም አለችኝ፤ አሁን የምትደውለው ልጅቷ ናት፣ አንቺ ከጠሩሽ ብቻ ነው የምትገቢው።

ቤቴል ስትመጣ ሻይ ቀዳሁላት። «ሰው ፊት ባልለውም ታውቂዋለሽ አይደል?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ጎበዝ መሆንሽን።»

«ከየት አውቃለሁ?» አለች። ቁጣ የለባትም። ከልቧ ነው የጠየቀችኝ።

ሻዩን ጠጥታ ወጣች። ጎበዝ ነሽ ብዬ የነገርኳትን ቀን በሐሳቤ ፈለግኩ። ጥሩ ውጤት ስታመጣ «ሒሳቡስ?» ነው የምላት። ዋንጫ ይዛ የመጣች ቀን «ጫማሽን ውጪ አውልቂ» አልኳት። ዋንጫው አሁንም የጨው መደርደሪያው ላይ አለ፣ ማንኪያ እናስቀምጥበታለን። እኔ ታውቃለች ብዬ ነበር። አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ ታውቃለች ብዬ።

ዓርብ

ቤቴል ለዳና ራሷ ጻፈች። ምን እንዳለቻት አላሳየችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ዳና እሁድ ከቤተክርስቲያን በኋላ እንደገና ትደውላለች። ሌላዋን ልጅ ዛሬ አነጋግራታለች። የዚያች እናት ምን ብላ ይሆን? ልጄ እንደ አንበሳ ናት ብላ ይሆናል፣ ለምን አትል።

ደስታ ዛሬ ደንበኛ በዙሉ «ሳውቦና ባባ» ብሎ ሰላም ሲለው ጭንቅላቱን ብቻ ነቀነቀ። ሲመሽ በሀዲይኛ አናገረኝ፤ በሀዲይኛ የምናወራው ልጅ እንዳይሰማን ስንፈልግ ነው። «ነገ ግጥሚያ አላት፣ አንቺ ሂጂ» አለኝ። ቅዳሜ እኮ ዋናው የሽያጭ ቀን ነው አልኩት። «ሂጂ አልኩሽ» አለ።

ስትጫወት አይተናት አናውቅም። አንድም ቀን።

ቅዳሜ

በታክሲ ሄድኩ፣ ሳልነግራት። ሜዳው ሣር አለው ግን ግቡ ፊት ተላልጦ አፈር ሆኗል፣ እሷ የምትቆምበት ቦታ ማለት ነው።

መጀመሪያ ድምፅ ሰማሁ። አንዲት ልጅ ሌሎቹን በእንግሊዝኛና በዙሉ ታዝዛቸዋለች፣ ወደ ግራ፣ ውጪ፣ ያዣት። ማናት ይቺ ዓይን አውጣ አልኩ። የኔ ናት። ቤት ውስጥ ጨው አቀብዪኝ ስትል እንኳ ሁለቴ ካላለች ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ። አንድ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ አንዲት የአገሬው ሴት ቆማ «የኔ ናት፣ ስድስት ቁጥሯ የኔ ናት» ትላለች ላለፈ ላገደመው። ማንም ጉረኛ አላላትም። «ያንቺስ የትኛዋ ናት?» አለችኝ።

«በረኛዋ» አልኳት።

«ዮ፣ ያቺ? ያቺማ ግድግዳ ናት።»

አፌ ላይ «ኧረ የምን ግድግዳ» መጣ። ዋጥኩት። «አዎ» አልኩ፣ ለራሴም በማይሰማ ድምፅ።

ከማዕዘን የተሻገረ ኳስ እግር መሃል ገብታ በቡጢ አወጣች፣ አንዷ እጇን ረገጠቻት። እኔ ባልዲውን ገፍትሬ ተነሳሁ። እሷ እጇን አራግፋ ቀጠለች። ከዚያ ግብ ገባባት። ጥፋቱ የስድስት ቁጥሯ ነበር፣ ኳስ አሳጥራ ለጠላት ሰጠች፤ ልጅቷ መሬት ላይ ፊቷን ይዛ ቀረች። ቤቴል ኳሱን ከመረቡ ከማውጣቷ በፊት ሄዳ አነሳቻት። ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት፣ የሆነ ነገር አለቻትና ሳቁ። ተሸነፉ በመጨረሻ። እኔ ግን ለምን እንደማለቅስ ለዚያች ሴት ማስረዳት አቃተኝ።

ስታየኝ እሷም ደነገጠች። «ሱቁስ?» አለችኝ መጀመሪያ።

እሁድ

ስልኩን እዚያው ጣሳ ላይ አስደገፍነው። ደስታ ሱፉን ተወው፣ ሹራብ ለበሰ።

ቤቴል ናት የተናገረችው። ቀስ ብላ ስለተናገረች ሁሉንም ሰማሁት። «በኛ ቤት ልጅን ሰው ፊት ማሞገስ ነውር ነው» አለቻት። «እናቴ ረቡዕ ያለችው ክብር መስጠቷ ነበር፣ ለእርስዎም ለሌላዋ ልጅም። ሥራ ማን እንዳስተማረኝ ከጠየቁኝ እሷ ናት።» ከሷ ይሄንን አልጠበቅኩም። ተሟግታ ያዳነችው እኔን ነው እንጂ ራሷን አይደለም።

ዳና ሰምታ ጨረሰች። ከዚያ «እናትዬው፣ እንግዲህ አሁን እርስዎ ይንገሩኝ፣ በሚቀልዎት ቋንቋ። ቤቴል ትተርጉም» አለች።

በአማርኛ ጀመርኩ። ከኔ ቀድማ እንደምትነሳ፣ የዳቦ ሳጥኑን አውርዳ ደርድራ ከዚያ ትምህርት ቤት እንደምትሄድ ተናገርኩ። ትናንት ግብ ሲገባባት ከኳሱ በፊት ያጠፋችውን ልጅ እንዳነሳቻት ነገርኳት። «ጎበዝ ናት» አልኩ። «እኮራባታለሁ።» ፊቴ እንደ እሳት ይነድ ነበር። ሰው ፊት ልብሴን ያወለቅኩ ነው የመሰለኝ።

ቤቴል አንገቷን ደፋች። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። በመጨረሻ በእንግሊዝኛ «እናቴ አንዳንድ ጊዜ በሱቅ ሥራ እንደማግዛት ነው የምትለው» አለች።

የሱቅ እንግሊዝኛ አለኝ እኮ። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው እዚህ አገር።

«ኖ» አልኩ በዚያው በእንግሊዝኛ። «አንዳንድ ጊዜ አላልኩም። ሁልጊዜ ነው ያልኩት። እንዳለ ተርጉሚ።»

ዳና በሳቅ ፈነዳች። «አሁን ገባኝ» አለች፣ «ቁርጥ እናቷን ናት።» ደስታም ሳቀ። ቤቴል እንደገና ጀመረች፣ ዳቦውን ተረጎመች፣ ያቺን ልጅ ተረጎመች። ከዚያ እኔ የዳቦ ወረቀቴን አውጥቼ ብትጎዳ ትምህርቷ ይቀጥላል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ይቀጥላል አለች፣ ጥሩ ጥያቄ ነውም አለች።

ማክሰኞ አሳውቃችኋለሁ ብላ ተሰናበተች። ምን እንደምትል አላውቅም። ያቺኛዋም እናት አላት፣ እሷም ተናግራለች።

ቤቴል ጓንቷን አጥባ ከፍሪጁ ጀርባ አሰጣችው። ስለ ሽታው አልተናገርኩም።

«እማ» አለች ዞር ሳትል፣ «የመጨረሻዋን ቃልሽን አልተረጎምኳትም እኮ። እስቲ ድገሚያት።»

ደገምኩላት። ደስታ ከሱቁ ውስጥ «ምን አላችሁ?» አለ። ለሱም ደገምኩለት፣ ጮክ ብዬ፣ ደንበኛ እያለ።