የአባዬ ከበሮ ዕድሜ

ሰኞ

እማዬ ዛሬም አልለቅም አለች። ካሳንቺስ ዙሪያችን ፈርሶ አልቋል፣ ለእኛም ምትክ ቤት ተሰጥቶናል፣ እሷ ግን ያው ናት። «ልጄ ቢመጣ የት ብሎ ያገኘናል?» ልጇ ዳዊት ነው፣ ታላቅ ወንድሜ። በደርግ ጊዜ ትምህርት ቤት ብሎ ወጥቶ ቀረ። እኔ ጡት አልጣልኩም ነበር። በራችን ከዚያ ወዲህ ተቀርቅሮ አያውቅም።

ደግነቱ የአባዬን ከበሮ ለደብሩ ለመስጠት እሺ ብላለች። መሪጌታ ዕድሜውን ጠየቁኝ። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ከአባቴ የወረስኩት» ነበር የሚለው። መቶ ዓመት ይሞላው ይሆን? እንጃ።

ማክሰኞ

የማፍረሻው ማሽን የጎረቤትን ግንብ ሲመታ ከበሮው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ እም… ይላል። ሁዳዴ ነው፣ ከበሮ የማይመታበት ጾም። ማንም ሳይነካው ይጮኻል። ፈራሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ! እማዬ ደግሞ በሰማችው ቁጥር ወደ በሩ ትዞራለች።

ረቡዕ

ዕድሜውን እንዲነግረኝ ቆዳ ለሚሠራ ሰው ላሳየው ከበሮውን ተሸክሜ ቄራ ወረድኩ። የታክሲው ረዳት «ማዘር፣ በጾም ሰርግ አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ቆዳ የሚሠራው ሰውዬ ጫፉ ላይ የሚታየውን ጠፍር ነካካና «ይሄ አንዴ ከተወጠረ ወዲህ አልተፈታም። ልብሱን ግፈፊና ከጠፍሩ ሥር ያለውን እዪ» አለኝ።

ልብሱን! አባዬ በየእንቁጣጣሹ አዲስ ጨርቅ ይሰፋለት ነበር። አሮጌውን ግን አያወልቅም፣ ማንንም አያስነካም። ለክብሩ መስሎን ነበር።

ሐሙስ

እማዬ ቅዳሴ ስትሄድ መግፈፍ ጀመርኩ። ቀይ ከፋይ። አረንጓዴ ሐር። የድሮ መጋረጃችን። የእኔ የልጅነት ቀሚስ! ከዚያ ጠፍሩ። ከጠፍሩ ሥር እንጨቱ ላይ የተጠመጠመ ካኪ ሸሚዝ። ኪሱ በቀይ ክር ተሰፍቷል።

እማዬ እስር ቤት ለእስር ቤት ስትዞር ለሰው ሁሉ የተናገረችውን ስንቴ ነግራኛለች፤ «ካኪ ሸሚዝ ለብሷል፣ ነጭ ክር አልቆብኝ ኪሱን በቀይ ሰፍቼለታለሁ።»

ከበሮው የአያቴ አይደለም። ጠፍሩ ተፈትቶ ካላወቀ ሸሚዙ የገባው ሲሠራ ነው፤ የተሠራውም ዳዊት ከቀረ በኋላ ነው። አባዬ ሸሚዙን ከየት አመጣው? ልጁን ሞቶ አግኝቶት ነበር ማለት ነው። ቀብሮታል። ለእሷ ሳይነግራት ዕድሜ ልኩን አብሯት ጠበቀ።

ዓርብ

ጨርቁን መልሼ ጠቀለልኩበት። ልንገራት? ሰማንያ ያለፋት ሴት ናት። አባዬን ተቀየምኩት፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በላው። መሪጌታ ደወሉ። «እህስ፣ ስንት ዓመቱ ሆነ?» አላወቅኩም አልኳቸው። በጾም ዋሸሁ።

ቅዳሜ

ከሱቅ ስመለስ እማዬ ከበሮውን ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጣቷ ግን አልደከመም። ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ኪሱን ትዳብሳለች።

«መቼ አወቅሽ?»

«ሐሙስ።»

«አባትሽስ?»

እጇን ይዤ ጠፍሩ ላይ አኖርኩት።

«ብቻውን ቻለው በይኛ» አለች። እሷ አላለቀሰችም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ከበሮው ለደብሩ አይሰጥም፣ ወደ አዲሱ ቤት ይዘነው እንሄዳለን አለች። እንሄዳለን!

ሲመሽ «በሩን ቀርቅሪው» አለችኝ። መቀርቀሪያው ዝጎ እምቢ አለ። በመዶሻ መትቼ ዘጋሁት። ከበሮው እም አለ። ሁለታችንም ወደ በሩ ዞርን።