ለድቡልቡሏ መሮጫ

ውዷ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? ሥራውንስ ለመድሽው? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ እንደ ወትሮው ይነጫነጫል፣ የስፌት መኪናዬ ግን አላረፈችም። ትተሽልኝ የሄድሻት አይጥ መሳይዋ ሃምስተርሽ፣ ድቡልቡሏም ደህና ናት። አሁን ማለቴ ነው። አትደንግጪ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ስትሄጂ፣ ጎጆዋ ውስጥ እየተሽከረከረ የሚያስሮጣት መሮጫዋ የሽቦ ስለሆነ እግሯ በክፍተቱ እንዳይገባ ለውጪላት ብለሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ እልኸኛ! ሠላሳ ዓመት ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሴትዮ ይሄ ያቅተኛል እንዴ ብዬ ሽቦውን በለስላሳ ጨርቅ ሸፈንኩት፤ ዙሪያውንም በእጄ ዘመዘምኩት። አምሮ ነበር እኮ! ለጎረቤታችን ሁሉ አሳይቻለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ልብስ ስተኩስ ሲጢጥ ስትል ሰማሁ። ለካ ጥፍሯ ክሩ ውስጥ ገብቶ፣ ክሩ እግሯ ላይ ተጠምጥሞ ተንጠልጥላለች። ወይ ጉዴ! ክሩን በትንሿ መቀስ ቆረጥኩላት። እግሯ አብጧል። በጫማ ካርቶን ይዣት ወደ እንስሳት ሐኪሙ ስሮጥ፣ ልጄን በምን ዓይኔ አያታለሁ እያልኩ መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ሐኪሙ አገላብጦ አያትና አልተሰበረም አለኝ። እፎይ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ተቆጣኝ፤ ሽቦም ጨርቅም አይሆንም፣ ወለሉ ድፍን፣ ስትሮጥ ጀርባዋን የማያጎብጣት ሰፊ ይሁን አለ። ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ትንሹን መሮጫ ሲያቀብለኝ መልሼ ሃያ ስምንት ሳንቲ ሜትሩን አስወረድኩት፤ ጣቴንም በየስንጥቁ እየሰደድኩ ፈተሽኩ። ለሙሽራ ነው እንዴ የምትለኪው ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

አሁን አመሻሽ ላይ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ስትበር ብታያት! እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ቁልፍ እተክላለሁ። ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚንቀሳቀስ የለም።

እንግዲህ ከጀመርኩ አይቀር ሌላውንም ልናገር። የሥራ መጥሪያሽ ዘግይቶ አልመጣም። አራት ቀን ሙሉ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ስር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ለጥቂት ነው የደረስሽው። በክፋት አይደለም ልጄ፤ ድቡልቡሏንም በክፋት አላሰርኳትም።

ብትቆጪም ጻፊልኝ። የረገጥሽው ይቅናሽ፣ እግርሽን እንቅፋት አይንካው።

እናትሽ