በውርወራው መሀል የጮኸው ዘፈን

ልጄ፣

ሰላም ነሽ ወይ? ጉሮሮሽስ ተሻለሽ? ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ ዜና ስታነቢ ሁለቴ ስታስዪ ሰምቼሻለሁ፤ ማር በሙቅ ውሃ ጠጪ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ይነግረኛል። ውሻውም ደህና ነው። ብደውል ብደውል አታነሺም፣ ስለዚህ ይሄን ደብዳቤ ለአውቶቡስ ሹፌሩ ሰጥቼዋለሁ፤ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ለጥበቃው ያደርስልኛል።

በተራ በተራ ልንገርሽ፣ ስናደድ ነገር ይደባለቅብኛል።

አንደኛ፣ ያን ማሽን ለምን አልዘጋሽውም? ጣቢያው ትንሽ ጸጥ ካለ ማሽኑ የሞተ መስሎት በራሱ ዘፈን ይለቃል ብለሽ የነገርሽኝ አንቺው አይደለሽ? ታዲያ ከቤተ መቅደስ በቀጥታ ስታስተላልፉ ጸጥታ እንደሚኖር ጠፋሽ? አጎት ቲያም-ኦንግ አምላክን የሚጠይቅባቸውን ሁለት ግማሽ ጨረቃ እንጨቶች ከመወርወሩ በፊት ለመንደራችን አምላክ ለአባባ ምድር ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የቤት ቁጥሩን፣ የዩኒቨርሲቲውን አድራሻ ሳይቀር በልቡ ነው የሚነግረው። አድራሻ በደንብ ካልተነገረው አምላክስ በምን ያውቃል? ደሞ ጥያቄው የናንተው ነው፤ የሬዲዮው አንቴና ቤተ መቅደሱ ኮረብታ ላይ ይቆይ ወይስ ይነሳ። ሁለት ጊዜ እሺ ብሎን ነበር። አንዱ እንጨት በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው፣ እንዴት እንደሚያምር! ከሦስቱ አንድ እሺ ብቻ ቀረን። አጎት ቲያም-ኦንግ ለመጨረሻው ብሎ ሁሉንም ከስሙ ጀምሮ ደገመው። ሰው ትንፋሹን ውጦ ቆሟል። ግቢው ሞልቶ ያልገባው ውጪ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ በሬዲዮ ይሰማል። ድንገት ከየሬዲዮው «ቤቢ ነይ፣ ቤቢ ነይ» የሚል የጭፈራ ዘፈን ጮኸ። ሰውዬው ክው ብሎ እንጨቶቹ ከእጁ አመለጡ። ሁለቱም በጀርባቸው ተንጋለው ቁጭ። አምላክ ሳቀብን።

ከዛ በኋላ የሆነውን ባላየሁ ይሻል ነበር። አጎት ቲያም-ኦንግ ፊቱ ቀልቶ «እኔ አልወረወርኩም፣ ወደቀ እንጂ! አይቆጠርም!» ይላል። ለውዝ ሻጩ ደሞ «ከእጅህ ከወጣ ተወርውሯል። ብርጭቆዬን የሰበርክ ዕለትም ወደቀ ነው ያልከኝ» አለው። አክስት ግዋት-ሊ፣ የከሰዓት ፕሮግራምሽ አንድ ቀን የማያመልጣት፣ «አባባ ምድር ዘፈኑ ጥሞት ነው የሳቀው፣ እናንተን ምን አስኮረፋችሁ!» ስትል «አንቺ ዝም በይ፣ ባልሽ ቀብር ላይም ስቀሻል» አሏት። «ደግ አደረግኩ፣ በሕይወት እያለ መች አሳቀኝ!» አለቻቸው። እኔ የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ጸሐፊ መሀላቸው ቆሜ የምገባበት ጠፋኝ። የማን ልጅ እንደሆንሽ ሁሉም ያውቃል፣ እየዞሩ እኔን ያዩኛል።

ሁለተኛ፣ ውሳኔው። ሳቅ እምቢ አይደለም፣ ደግማችሁ ጠይቁኝ ማለት ነው። የቀደሙት ሁለት እሺዎች እንዲያዙልን ኮሚቴውን ለምኜ ለምኜ እሺ አሰኝቻቸዋለሁ። ሦስተኛውን ግን ያቋረጠችው ራሷ፣ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ቀን መጥታ፣ ይቅርታ ጠይቃ ትወርውር ብለዋል። አጎት ቲያም-ኦንግ ዳግመኛ እንጨቶቹን አልነካም ብሎ ምሏል። ካልመጣሽ አንቴናው ይነሳል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አንቴናው ከተነሳ ድምፃችሁ ከዩኒቨርሲቲው አጥር አያልፍም። መንደሩ የማይሰማውን ሬዲዮ ዩኒቨርሲቲው ምን ሊያደርገው ይዞት ይቀመጣል? ይዘጋል፣ ጣቢያችሁን የሚመራው መምህር ሹ ራሱ ነው የነገረኝ። ያኔ ታይፔ ትሄጃለሽ አሉ። ሂጂ፣ እኔ ምን አገባኝ፣ ልጅ ይሄዳል። እኔ የማወራው ስለ አውሎ ነፋስ ነው። አምና መንገዱ ሲቆረጥ የቱ ድልድይ እንደተረፈ ማን ነገረን? የማንጎ ዋጋንስ ማን ይነግረናል? አክስት ግዋት-ሊስ ከሰዓት ምን ልትሆን ነው? ቤቷ ውስጥ ሌላ የሚናገር ሰው የለም እኮ። ሰው ደሞ ራት ሲበላ የሆነ ድምፅ ካልሰማ ምግቡም አይወርድለትም። ይሁን፣ እሱን ልተወው።

ስትመጪ፣ የሩዝ ኬኩን አትግዢ፣ እኔ አዝዣለሁ። ያን የተቀደደ ጂንስ አትልበሺ። ለአባባ ምድር ስምሽን ስትነግሪው የቤታችንን አድራሻ ንገሪው፣ የዩኒቨርሲቲውን አይደለም፤ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ በሱ ነው የሚያውቅሽ። እንጨቶቹን ከፍ አድርገሽ አትወርውሪ፣ ከደረትሽ ላይ ልቀቂያቸው። አጎት ቲያም-ኦንግን ይቅርታ ስትይው መሬት መሬት እያየሽ በይው፣ ይቆጣል እንጂ ልቡ ቅቤ ነው። ማሽኑን ደሞ በሰው አታዘጊ! ራስሽ ዘግተሽው ነይ።

እምቢ ቢልስ እያልሽ እንደማትተኚ አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ አይደለሽ? ስለዚህ ይሄን ለብቻሽ ያዢው። ላይኛው ማሳ፣ ውሃ ታንከሩ አጠገብ ያሉትን ሦስት ማንጎዎች ቆርጫቸዋለሁ። አበባ ይዘው ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ በሽታ ገብቶባቸው ነው እላለሁ። ምንም አልነበረባቸውም። ከኮረብታው ቀጥሎ ከፍ የሚለው እሱ ቦታ ነው፤ አሁን ዛፎቹ ከተነሱ ወዲህ ዩኒቨርሲቲያችሁ እስከ ሰገነቱ ድረስ ይታያል። አባባ ምድር የተጠየቀው ስለራሱ ኮረብታ ነው። ስለኔ ማሳ የጠየቀው ሰው የለም። መምህር ሹ የአንቴናውን መለኪያ ይዞ አብሮሽ ይምጣ፣ ጉቶዎቹንም እስከዛ ነቅዬ እጨርሳለሁ።

እጅሽን ያጽናልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ እናትሽም ባለችበት ሆና ከጎንሽ ትቁም።

ተቆጥቶ የጻፈልሽ
አባትሽ