የዳማ ድርሻ

ጥር 5፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ፈረሴ ዳማ ተጠምዷል። በርሜሉ ታስሯል። ማስታወሻዬ፣ በርሜል ስልህ አትሳቅ። ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ያለ በያጅ ለሁለት ሰንጥቆ፣ ጠርዙን ስሎ አፈር መጎተቻ አድርጎልኛል። እዚህ ሶፊ፣ ውሃውን ወደ መብራት ማመንጫው የሚወስደው ቦይ እየተቆፈረ ነው። ኤክስካቫተር በዚህ ቁልቁለት አይወርድም፤ ፈረስ ይወርዳል። ሐረር ላይ ባጃጅ ከጋሪ ሥራ አስወጥቶኝ፣ ዳማን የሚገዛ ሰው አግኝቼ ነበር። ይኸው እንጀራችን ተገኘ። ተመስገን!

ጥር 9፣ ከምሳ በኋላ

ረመዳን የሚባል ቀልደኛ ገበሬ የዳማን ጉድ ደረሰበት። የጋሪ ፈረስ አይደል፣ «ወራጅ አለ!» ሲሉት ቀጥ ይላል። ቀኑን ሙሉ ወራጅ አለ፣ ወራጅ አለ። ተናደድኩ። ደግሞ ሳቅኩ። የመንደሩ ሽማግሌ አባ ዩሱፍ ተቆጡልን። ለዳማ የማሽላ አገዳ የሚያመጡለትም እሳቸው ናቸው። ስንት ደግ ሰው አለ።

ጥር 12፣ 11 ሰዓት

ዳማ በቦዩ አፋፍ ሲያልፍ ረመዳን እንደለመደው ጮኸ። ዳማ ቆመ፣ ያውም ልል አፈር ላይ። አፋፉ ተናደ፤ ፈረሴ ቦዩ ውስጥ ገባ። በርጫ ላይ የነበረው ሁሉ ጫቱን ጥሎ መጣ። በእጃቸው ቆፍረው አወጡት። አባ ዩሱፍ ጭቃው ውስጥ ተቀምጠው ራሱን በጭናቸው ደገፉ። የፊት እግሩ ወለም ብሏል፤ አልተሰበረም። አልሐምዱሊላህ አሉ። አሜን አልኩ።

የቦዩን ሥራ የምትመራው ኢንጂነር አዝናለች። ግን ቦዩ በጊዜ ካላለቀ ተርባይን ገጣሚዎቹ ይሄዳሉ፤ ሌላ ፈረስ ከነባለቤቱ ልቅጠር አለች። እውነቷን ነው። ሥራው ከሄደ ግን ዳማን በምን እቀልበዋለሁ? መሸጤ ነው።

ጥር 13፣ ጠዋት

አባ ዩሱፍ ጉዛ ጠሩ! እዚህ የአንዱ በሬ ከታመመ መንደሩ ተጠራርቶ ያርስለታል፤ ጉዛ ይሉታል። ለፈረስም ይጠራል ወይ አልኳቸው።

«ዳማ የደከመው ለእኛ ቤት መብራት አይደል እንዴ? እስኪድን ድርሻውን እኛ እንጎትታለን፣ ኢንሻአላህ።»

ኢንጂነሯ እሺ ብላለች፤ ሥራው የዳማ እንደሆነ ይቀጥላል። አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

ለገዢው ደወልኩ። አይሸጥም፣ ሌላ ፈልግ አልኩት።

ዳማ ጥላ ሥር ሆኖ አገዳውን ያኝካል። ሰዎቹ የበርሜሉን ገመድ ትከሻቸው ላይ አድርገዋል። ከፊት ረመዳን ነው። ከጎኑ ለእኔ ቦታ ይዟል። እየጠሩኝ ነው፣ ልሂድ።