ዘይነብን ይቅር ያልኩበት ሳምንት

ዓርብ፣ መስከረም 30። ምሽት

ዳቦ ቆሎ ቋጠርኩ። ውሃ ሞላሁ። ጉልበቴ ዛሬ ደህና ነው።

ነገ የእግር ጉዞ ማኅበራችን፣ ጥንት ወርቅ ቆፋሪዎች ውሃ ወደ ማጠቢያቸው የሳቡበትን ቦይ ተከትሎ ይሄዳል። ከፍራንክፈርት በባቡር የሁለት ሰዓት መንገድ። ሐሳቡ የዘይነብ ነው። ከከተማችን ዳር ኡንተርሊደርባህ ሰፈር ትኖራለች፣ መጋዘን ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች፣ ከሁላችንም ታናሽ ናት። በእረፍት ቀኗ ብቻዋን ሁለት ጊዜ ሄዳበታለች። ካርታ አባዝታለች።

ጋሼ መስፍን ግን ሦስት ጊዜ ደወሉ። ጡረታ የወጡ መሐንዲስ፣ የማኅበሩ ትልቅ ሰው። ልጅቷ መምራት አትችልም፣ ከፊት እኔ እሆናለሁ አሉ። እሺ ጋሼ አልኩ። እሺ ማለት ለምዶብኛል። ተናድጄ ልተኛ ነው፣ ደብተሬ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ጠዋት

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ካልተነበበልህ የራስህ ጉዳይ። የቀኝ አንጓዬ ተሰብሯል፣ እስከ ክርኔ ጄሶ ነው።

ቦዩ ያምራል። በተራራው ወገብ የተቆፈረ ጠባብ ጉድባ፣ ጎን ለጎኑ የእግር መንገድ። ውሃ የለም፣ ቅጠል ሞልቶታል። ዘይነብ ገና ስንነሣ ነገረችን፦ ውሃው ቀስ ብሎ እንዲወርድ ቦዩ ሜዳ ለሜዳ ነው የተሠራው፤ ሽቅብ ከወጣን ስተናል፣ መመለስ ነው። ሕፃን የሚገባው ነገር!

መንገዱ ተከፈለ። ጋሼ መስፍን ሽቅቡን ያዙ። አቋራጭ ነው አሉ። ዘይነብ ከኋላ ጮኸች፦ «ጋሼ፣ በዚህ አይደለም፤ ይመለሱ እባክዎ!» ዞርም አላሉ። አሥራ አንድ ሰዎች ነን፤ ሁላችንም መሳሳታቸውን አይተናል። ግን ትልቅ ሰው ጥሎ መመለስ ነውር ነው። ተከተልናቸው። እኔም። በመጨረሻ ዘይነብም። ከዚያ ቁልቁለት፣ እርጥብ ቅጠል፣ የእኔ እጅ።

እጄን በአንገት ልብሷ አስራ፣ ቦርሳዬን ተሸክማ ያወረደችኝ ማን ናት? ዘይነብ። ጋሼ ካርታው ልክ አይደለም እያሉ ነበር። ደሜ ፈላ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ከሰዓት በኋላ

አሁን ሄዱ። ጠረጴዛው ላይ ያመጡት ብርቱካን ተቆልሏል። በመስኮት ብወረውረው ደስ ባለኝ።

ሊጠይቁኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። ጋሼ መስፍን፣ ከማኅበሩ ሁለት ሰዎች፣ ከኋላቸው ዘይነብ፣ አንገቷን ደፍታ። ጋሼ ተነሥተው ንግግር አደረጉ። አደገኛ ቦታ መምረጧ የልጅነት ስሕተት ነው፣ ተጸጽታለች፣ እኛም ለሽምግልና መጥተናል፣ ይቅር በያት አሉ። ተመልከት እንግዲህ! የመሩን እሳቸው፣ ይቅርታ ጠያቂዋ እሷ!

ዘይነብ አየችኝ። ረዘም አድርጋ። እኔስ? ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል ነርስ ሆኜ ስንቱን ዶክተር ፊት ለፊት የተናገርኩ ሴትዮ ምን አልኩ?

«ይቅር ለእግዚአብሔር።»

ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን አፍ ላይ የሚመጣው ይኸው ብቻ ነው። ተሳሳምን። ጉንጯ ቀዝቃዛ ነበር። ጋሼ መረቁን። አሜን አልኩ፣ እኔ ጅሏ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7። 10 ሰዓት

ዘይነብ ከማኅበሩ ወጣች። የቀሩትን ካርታዎች በማኅበሩ የስልክ ግሩፕ ላይ ላከች፣ ደህና ሁኑ አለች፣ ወጣች። ጋሼ እግዜር ይርዳት ብለው ጻፉ። አንድ ሰው እንኳ ለምን ብሎ አልጠየቀም። ፈሪዎች።

ደወልኩላት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«እትዬ አስቴር፣ ጋሼ፣ እርስዎ በእኔ ተቀይመዋል ሲሉኝ አላመንኳቸውም። እርስዎ እዚያው ፊታቸው እውነቱን ይናገሩልኛል ብዬ ነው የመጣሁት። ይቅር ሲሉኝ ጥፋተኛ ሆንኩ። አሁን ማን ያምነኛል?» ስሟን ጠራሁ። «ፓውዜ አልቋል፣ ወደ ሥራ ልግባ» ብላ ዘጋችው።

ረቡዕ ረዘም አድርጋ ማየቷ አሁን ገባኝ። ትጠብቀኝ ነበር። እኔ ደግሞ እንዳላጠፋች እያወቅሁ በሰው ፊት ጥፋተኛ አደረግኋት፣ ያውም በመሳም! ያቃጥለኛል። ከጄሶው በታች ያለው እጅ ከዚህ አይብስም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ከቤተ ክርስቲያን መልስ

ግሩፑ ላይ በድምፅ ተናገርኩ። ማን ከፊት እንደሄደ። ማን ተመለሱ ብላ እንደጮኸች። ማን እያየ እንደተከተለ፣ ራሴን ጨምሬ። ረቡዕ ያልኩትን አንሥቻለሁ፤ ዘይነብ ይቅር የሚባል ጥፋት የላትም አልኩ። ሳልሰርዘው ላክሁት።

ጋሼ ወዲያው ደወሉ። በስተርጅና አዋረድሽኝ አሉ። ካፖርትዎን ይልበሱና አብረን ኡንተርሊደርባህ እንሂድ፣ ሁለታችንም ይቅርታ እንጠይቃት አልኳቸው። በሕይወቴ ለእሳቸው እሺ ያላልኩበት የመጀመሪያ ቀን። ዘጉብኝ።

እንግዲያው ብቻዬን። ሽማግሌ አልልክም፣ ብርቱካን አልይዝም። ዛሬ ፈረቃ የላትም። ካፖርቱ በጄሶው አልገባ ብሎኝ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌዋለሁ። በሩን ላትከፍትልኝ ትችላለች፤ መብቷ ነው። ነገም እሄዳለሁ።